ቢራቢሮ ወደ ጓሮ የምትመጣው ለምንድን ነው?

በአሶሳ በብዙ ጓሮ ማንጎ አለ። አጠገቡ ሎሚ ወይም ብርቱካን የተከለም አይጠፋም። እስቲ ወደ ሎሚው ቀረብ በሉና ቅጠሉን ተመልከቱ። የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ታዩ ይሆናል። ኩስ አይደለም፤ ትል ነው። ወፍ እንዳይበላው ኩስ መስሎ ይቀመጣል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ቢነኩት ከራሱ ላይ ሁለት ቀንድ ብቅ አድርጎ ይሸታል። ሰው ግን አይጎዳም።

ይህ ትል የዚያች ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ቅጠል በልቶ ሲጠግብ ራሱን ከቅርንጫፍ ጋር በክር ያስራል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

እንግዲህ ቢራቢሮ የሚወድ ሰው ሁለት ዓይነት ተክል ያስፈልገዋል። ለልጁ ቅጠል፣ ለእናትየዋ አበባ። እሷ ጥርስ የላትም፤ እንደ ክር በቀጠነ አፏ የአበባ ጣፋጭ ውሃ ትጠጣለች። ግራዋ፣ ኑግና የሱፍ አበባ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ቢተከሉ ይበቃሉ። የወፍ ቆሎም ቢራቢሮ ይስባል፤ እሱን ግን አትትከሉ። ከብት ይመርዛል፣ ግጦሹንም ይወርራል።

ትሉ ችግኝ ላይ ከወጣ ዝም አይባልም፤ ቅጠሉን ይጨርሰዋል። በእጅ ለቅሞ ወደ ትልቁ ሎሚ ማዛወር ነው። ትልቅ ዛፍ በጥቂት ትል አይሞትም። መርዝ ከተረጨ ግን ንቡም አብሮ ያልቃል። በቀርከሃ ቀፎ ማር ለሚጠብቅ ቤት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ችግኙን ጠዋት ጠዋት ማየት ይሻላል። እንቁላሉ ክብና ቢጫ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም።