ለዜማው ሲሉ የሚጫወቱ

ቪዲዮ ጌም ሲባል ለብዙ ወላጅ ቶሎ ትዝ የሚለው ተኩስ፣ ሩጫና ጩኸት ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ግን ጌሙን እንደከፈተ የክብደት ደረጃውን ዝቅተኛው ላይ ያደርገዋል፤ ጠላት ባይመጣበት ይመርጣል። ኮረብታ ላይ ወጥቶ የምትጠልቀውን ፀሐይ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ዜማው እስኪያልቅ ኮንትሮለሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይቆያል። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ምግብ እስኪቀርብ ጥግ ይዞ ጌም ላይ ያቀረቀረ ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይሆን ሲቆይ እናት ትቆጣለች፤ «አንተ ልጅ፣ ወይ ተጫወት ወይ ዝጋው!»

ልጁ እኮ እየተጫወተ ነው።

በ1998 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ስምንት ወንዶችን ታንክ የሚነዳበት ጌም እያጫወቱ አንጎላቸውን በፔት ስካን ተመለከቱ። ስትራየተም በሚባለው፣ ከደስታና ከሽልማት ስሜት ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ሲለቀቅ ታየ። ጥናቱ ኔቸር ላይ ከወጣ ወዲህ «ጌም ዶፓሚን ያፈልቃል» እያለ የሚያስፈራራ ሰው በዝቷል። ተጫዋቾቹ ደረጃ ባለፉ ቁጥር ገንዘብ ይሰጣቸው እንደነበር ግን ብዙዎች አያነሱም። ደስ ያሰኛቸው ጌሙ ይሁን ብሩ መለየት ይቸግራል።

በ2011 ደግሞ ሞንትሪያል የሚገኘው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያለ ምንም ጌም ሙዚቃ ብቻ አሰሙ። አድማጮቹ ሰውነታቸውን ውርር የሚያደርጋቸውን ሙዚቃ ራሳቸው መርጠው ነበር ያመጡት። ያው ስትራየተም፣ ያው ዶፓሚን። የሚገርመው ጊዜው ነው። ዶፓሚኑ የሚለቀቀው ዜማው ከፍታው ላይ ሲደርስ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ፣ ጆሮ «አሁን ሊመጣ ነው» ብሎ ሲጠብቅ፣ በሌላኛው የስትራየተም ክፍል መለቀቅ ይጀምራል። አንጎል ከሙዚቃ የሚያገኘው ደስታ ከፊሉ ከመጠበቅ የሚመጣ ነው ማለት ነው።

የጌም ሙዚቃ ደግሞ ከዘፈን የሚለይበት ነገር አለው። ዘፈን አድማጩ ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም፤ የጌም ሙዚቃ ግን ያውቃል። በ1978 የወጣው የጃፓኑ ስፔስ ኢንቬደርስ አራት ኖታ ብቻ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ወራሪዎቹ እየፈጠኑ ሲመጡ ኖታዎቹም ይፋጠናሉ። በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሉካስአርትስ ሙዚቀኞች ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል አይሚዩዝ የተባለውን ዘዴ መንኪ አይላንድ 2 ላይ አዋሉት። ተጫዋቹ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲሻገር ሙዚቃው ተቆርጦ አይቀርም፤ ምቱን ሳይስት ራሱን ወደ ሌላ ዜማ ያዞራል። ዛሬ ብዙ አቀናባሪዎች አንዱን ዜማ በንብርብር ያስቀርፁታል፦ ከበሮው ለብቻ፣ ባሱ ለብቻ፣ ባለ ክር መሣሪያዎቹ ለብቻ። ሰላም ሲሆን አንዱ ንብርብር ብቻ ይሰማል፤ ጠላት ሲቀርብ ከበሮው ይገባል።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። መሲንቆው አንድ ነው፣ ቅኝቱም አንድ ነው፤ አዝማሪው ግን ማን እንደገባ፣ ማን እንደሸለመ፣ ማን «ተቀበል!» እንዳለ እያየ ስንኙን ይለውጣል፣ ምቱን ያፈጥናል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ያንኑ ነው፤ ሽሙጡ ብቻ ይጎድለዋል።

ስለዚህ ኮረብታ ላይ የቆመው ልጅ ሙዚቃውን እየመራው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ተጫዋች ታስቦ የተሠራ የሚመስል ጌምም እዚያው ሎስ አንጀለስ አካባቢ ተሠርቷል፤ ጀርኒ ይባላል። በ2012 የወጣ ሲሆን የሠራው ዳትጌምካምፓኒ የተባለው ስቱዲዮ ነው። ንግግር የለበትም፣ መሣሪያም አይተኰስበትም። ካባ የለበሰ ፍጡር በረሃ አቋርጦ ወደ ተራራ ይሄዳል፤ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ኦስቲን ዊንቶሪ በደረሰው ሙዚቃ ውስጥ ለብቻው የሚሰማው ቼሎ ተጫዋቹን ይወክላል። ለግራሚ የታጨ የመጀመሪያው ሙሉ የጌም አልበም ይኸው ነው። ግራሚ ለጌም ሙዚቃ የራሱን ዘርፍ የከፈተው ግን ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያው ሽልማት በ2023 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለስቴፋኒ ኢኮኖሙ ተሰጠ።

የሐበሻ ጆሮ ደግሞ ቆሞ ለማዳመጥ ሌላ ምክንያት ይጨመርለታል። ፒያኖ ወይም ኪቦርድ አጠገባችሁ ካለ ከፈለጋችሁት ቁልፍ ተነሱ። ጥቁሩንም ነጩንም እየቆጠራችሁ 2 እርምጃ ሂዱ፤ ከዚያ 1፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 1፣ በመጨረሻ 4። የመነሻችሁ እጥፍ ላይ ትደርሳላችሁ። የሰማችሁት ትዝታ ማይነር ነው። ጃፓናዊ ቢሰማው ግን «ይሄማ የኤንካ ዘፈን ነው» ይላል፤ እነሱ ዮናኑኪ የሚሉት ማይነር ቅኝት በአምስት ኖታው አንድ ነው። አሁን 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ብላችሁ ቁጠሩ፤ አምባሰል ነው፤ ኮቶ በተባለው የጃፓን ባለ ክር መሣሪያ ሙዚቃ የታወቀው ሚያኮቡሺም እሱው ነው። እርግጥ ክራር የሚቃኘው በጆሮ ስለሆነ ከፒያኖው ልኬት ትንሽ ፈንጠር ይላል፤ የድምፁ ቃናና አወራረዱም ይለያያል። አጽሙ ግን ያው ነው። ዋሽንትና የጃፓኑ ሻኩሃቺም ሁለቱም ጫፋቸው ላይ የሚነፉ፣ አምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸው።

ጆሮ የሚጠብቀው ያደገበትን ነው። በትዝታ ያደገ ልጅ በእነዚህ የጃፓን ቅኝቶች የተሠራ የጌም ሙዚቃ ሲሰማ የሚቀጥለው ኖታ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይገባዋል፤ የማክጊሎቹ ያዩት የመጠበቅ ደስታ በዚህ ልጅ ላይም ይሠራል ብዬ አምናለሁ። በ2020 የወጣው ጎስት ኦቭ ሱሺማ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1274 የሞንጎል ወረራ ላይ ያተኮረ የሳሙራይ ታሪክ ስለሆነ ሰይፍ የሞላበት ነው። ቢሆንም መንገድ የሚያሳየው ነፋስ ነው፤ ሣሩ ወደሚያዘነብልበት ትሄዳላችሁ። ጣታችሁን ኮንትሮለሩ ላይ ወደ ግራ ስታንሸራትቱ ጀግናው ዋሽንቱን አውጥቶ ይነፋል፤ እንደመረጣችሁት ዜማ ዝናብ ይመጣል ወይም ሰማዩ ይጠራል። ከእሱ በፊት በ2006 የወጣው ኦካሚም አለ፦ ቁልፍ ስትጫኑ ዓለሙ ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ወረቀት ይሆናል፤ በብሩሽ ሰማዩ ላይ ክብ ስትስሉ ፀሐይ ትወጣለች።

አዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። እዚያ በጨዋታ ቁጥር ነው የሚከፈለው፤ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ አለ፣ ፊፋ ተከፍቷል። ሰማይ ላየ ሰው ማን ይታገሳል? ለጥበብ ብሎ መጫወት ጊዜ ይጠይቃል፤ ጊዜው ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ፌርፋክስ ላይ ያለው ልጅ ይህን ዕድል አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የራሳችን ድምፅ ጌም ውስጥ ትንሽ ነው። ሲቪላይዜሽን የተባለው ጌም በ2012 ኃይለ ሥላሴን፣ በ2020 ምኒልክን አስገብቶ ሁለቱንም በአማርኛ አናገራቸው፤ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም አሉበት። ሠሪዎቹ ግን አሜሪካውያን ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ በ2018 ኩኩሉን አወጣ፤ ዶሮዋ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥበት የስልክ ጌም ነው። ጅምሩ ጥሩ ነው፤ ለመቆምና ለማዳመጥ ግን ሩጫ አይመችም።

ክራር፣ መሲንቆ ወይም ዋሽንት ለምትጫወቱ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ሎስ አንጀለስ፣ አንድ ልመና አለኝ። ስቱዲዮ ስትገቡ ያለ ኪቦርድና ያለ ድራም ማሽን፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻው አስቀርፁ፤ ቅኝቱንና ፍጥነቱንም ፋይሉ ላይ ጻፉበት። ተደባልቆ ያለቀ ዘፈን ለጌም ሠሪ በንብርብር ለመጠቀም አይመችም፤ ለብቻው የተቀረፀ መሲንቆ ግን ነገውኑ ሥራ ላይ ሊያውለው ይችላል።