ዕውቀትን ተካፍሎ ስለ መጠቀም

በየከተማው የሊኑክስ ወዳጆች የሆኑ ወጣቶች በዕረፍት ቀን ኮምፒዩተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ማኅበራቸው ሲሄዱ፥ አንዳንድ ወላጆች ሥራ ፈትነት ይመስላቸዋል። እኛ ግን ነገሩን መርምረን ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ሊኑክስ ለኮምፒዩተር ሥራውን የሚያዝ ጽሑፍ፥ ማለት ሶፍትዌር ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን፥ ሥራውን ሳይሰውር ስለ ገለጠው ከየአገሩ ዐዋቂዎች እያረሙ አሳደጉት። በ1992 ዓ.ም. ሥራው ያደረበት ጂ.ፒ.ኤል. የተባለው ውል ጽሑፉን ማንም እንዲያነብ፥ እንዲያሻሽልና እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አሻሽሎ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው እርሱም በተራው ምንጩን እንዳይደብቅ ያስገድደዋል።

የማኅበሩም ወግ ከዚህ ውል ጋር አንድ ነው። ቡና እየጠጡ፥ አንዱ የተበላሸውን ያቃናል፤ ሌላው ለእንግዳው ሊኑክስን ይጭንለታል፤ እንግዳውም ሲለምድ ለሚቀጥለው መምህር ይሆናል። በአብነት ትምህርት ቤታችንም ታላቁ ተማሪ ታናሹን የሚያስጠናው እንዲሁ ነውና፥ ሥርዓቱ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከማኅበሩ ሲመለስ «ምን ተማርህ?» ካላችሁት በኋላ፥ «ማንንስ አስተማርህ?» ብላችሁ ጠይቁት።