መጋዝ ሲገዛ ከሞተሩ በፊት ጥርሱ ይታይ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ለብዙ ገበሬ የችግር ጊዜ መጠባበቂያ ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሚሸጠው በአጣና ወይም በማገዶ መልክ ነው። ግንዱ ተሰንጥቆ ጣውላና ሞራሌ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለንብ ቀፎ፣ ለበርና ለመስኮት የሚፈለገውም እንጨት ከዚያው ከቀበሌው ይገኛል።

ለዚህ ሥራ የሞተር መጋዝ ለመግዛት የሚያስቡ የማኅበር መሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት የሞተሩን ጉልበት ነው። እንጨቱን የሚቆርጠው ግን የመጋዙ ጥርስ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ካልተወቀረ ሞተሩ ምንም ያህል ቢጮህ ዱቄቱ እንደማይልም ሁሉ፣ የማይስማማ ወይም የደነዘ ዲስክ የተገጠመበት መጋዝም ነዳጅ ከመጨረስ በስተቀር ፋይዳ የለውም።

የጥርሱ ብዛትና ዓይነት

አናጢዎች ሰርኩላር የሚሉት ክብ መጋዝ ሁለት ሥራ አለው፤ እንጨትን በቁመቱ መሰንጠቅና በአግድሙ መቁረጥ። ለመሰንጠቅ የሚያገለግለው ዲስክ ጥርሱ ጥቂት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውም ክፍተት ሰፊ መሆን አለበት። ረጅሙ ፍቅፋቂ መውጫ ይፈልጋልና። ለአግድም ቁረጣ ደግሞ ጥርሱ የበዛ ዲስክ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ ለመሰንጠቅ 24 ያህል፣ ለአግድም ቁረጣ ከ60 እስከ 80፣ ለሁለቱም ሥራ በመጠኑ እንዲያገለግል ከተፈለገ ከ40 እስከ 50 ጥርስ ይኖረዋል። የአግድሙ ዲስክ ለስንጠቃ ቢውል እንጨቱን ያቃጥላል፤ ሞተሩንም ያደክማል።

ሌላው ምርጫ የጥርሱ ጫፍ የተሠራበት ነገር ነው። ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር የተበየደበት ጥርስ ስለቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሆኖም በተራ ሞረድ አይሳልም፤ ሲደነዝ ልዩ መሳያ ወዳለበት ከተማ መላክ አለበት። ተራው የብረት ዲስክ ቶሎ ቢደንዝም የሠለጠነ ሰው በሦስት ማዕዘን ሞረድ እዚያው ሊስለው ይችላል። ጥርሶቹም አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ በእኩል መጠን መዘንበላቸው መታየት አለበት፤ አለዚያ ዲስኩ በእንጨቱ ውስጥ ይጣበቃል። ከከተማ ርቆ ለሚገኝ ማኅበር ካርባይድ ከመረጠ ሁለት ዲስክ መያዝ፣ ብረት ከመረጠ ደግሞ አንድ ሳይ ማሠልጠን ይበጃል።

የዲስኩ ፍጥነት

በደህና ዲስክ ላይ በደቂቃ ሊዞር የሚችለው ከፍተኛ የዙር ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ይህ ቁጥር የሌለበት ዲስክ መገዛት የለበትም። የወፍጮን ሞተር በቺንጋ ከመጋዝ ጋር ለማገናኘት የሚፈልጉ ማኅበራት ስሌቱን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ሞተሩ በደቂቃ 1440 ጊዜ ቢዞር፣ በሞተሩ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በመጋዙ ዘንግ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ፑሊ ቢገጠም ዲስኩ 2880 ጊዜ ያህል ይዞራል። ውጤቱ በዲስኩ ላይ ከታተመው ቁጥር መብለጥ የለበትም።

የባሕር ዛፍ ጠባይና የሰው እጅ

ባሕር ዛፍ በውስጡ ውጥረት ያለበት እንጨት ነው። ሲሰነጠቅ ጣውላው ይጎብጣል፤ የተከፈተውም መስመር መልሶ ዲስኩን ይቆነጥጣል። በዚህ ጊዜ እንጨቱ በኃይል ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ይህን የሚከላከለው ከዲስኩ በስተኋላ የሚተከለው ቀጭን የብረት ምላስ ነው። ሥራ ያፋጥናል ተብሎ ይህ ምላስ ወይም የዲስኩ መከለያ መነቀል የለበትም። ሠራተኛው ከዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ይቁም። የእንጨቱ መጨረሻ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ ይገፋ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌና ጓንት ከሚዞር ዲስክ አጠገብ አይለበሱም። ዲስክ የሚለወጠው ኃይሉ ተቋርጦ፣ መዞሩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው።

ድቡልቡል ግንድም በጠረጴዛ መጋዝ ላይ በእጅ እየተገፋ አይሰነጠቅም፤ ይንከባለላልና። አስቀድሞ ሁለት ሰዎች በሚስቡት የእጅ መጋዝ አንድ ጎኑ መስተካከል አለበት። ሚስማር ያለበት እንጨት ጥርስ ስለሚሰብር በቅድሚያ ይፈተሽ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጠነክር ከተቆረጠ ብዙ ሳይቆይ ቢሰነጠቅ ይመረጣል፤ ጣውላውም በጥላ ሥር በመካከሉ ዱላ እየተደረገ፣ በላዩም ክብደት ተጭኖበት ይደርደር።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

የማኅበር ገንዘብ የአባላቱ ላብ ነው። ስለዚህ መሪዎች ዋጋ ከመስማማታቸው በፊት ዲስኩ ለምን ሥራ እንደተሠራ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝና ማን እንደሚስለው መጠየቅ አለባቸው። የብረት ምላሱና መከለያው አብረው መምጣታቸውንም በዓይናቸው ይዩ። መሣሪያው ከገባ በኋላ አንድ የሠለጠነ ኃላፊ ይመደብ፤ ቁልፉም በእርሱ እጅ ይሁን። ደንዝዞ የቆመ መጋዝ ተስሎ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይመለስም።