«የጾታ ክፍተት» ወዴት ያመለክታል?

በአማርኛ የትምህርት ጽሑፎች «የጾታ ክፍተት» ሲባል፣ ወደ ኋላ የቀሩት ሴቶች መሆናቸውን አንባቢው ሳይነገረው ይረዳል። በሐረጉ ውስጥ ግን ሴትን የሚጠቅስ ቃል የለም፤ ይህን ፍች የሰጠው ተደጋጋሚ አጠቃቀም ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የሴቶች ቁጥር ከወንዶች ያነሰ በመሆኑ ግንዛቤው መሠረት አለው። ችግሩ የሚታየው ሐረጉ ተቃራኒውን ሁኔታ እንዲገልጽ ሲፈለግ ነው።

ተቃራኒው ሁኔታም ብርቅ አይደለም። ዩኔስኮ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ደረጃ በከፍተኛ ትምህርት ለ100 ሴቶች የሚደርሱት 88 ወንዶች ናቸው። መንስኤው ከአገር አገር ይለያያል። በሌሶቶ ወንዶች ልጆች ከብት ጥበቃ ስለሚሰማሩ፣ ሴቶች ልጆች በትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን በዝተው ኖረዋል። በሴሶቶ ቋንቋ እረኛው ልጅ «ሞዲሳና»፣ ሲበዙ «ባዲሳና» ይባላሉ። ቅጥያዎቹ «ሞ» እና «ባ» የሰውን ስም መደብ እንጂ ጾታን አያመለክቱም፤ ሆኖም ቃሉን የሚሰማ ሰው የሚያስበው ወንድ ልጅን ነው። እንደ «የጾታ ክፍተት» ሁሉ፣ ሰዋስው ያልተናገረውን ልማድ ሞልቶታል።

አማርኛም ጾታን የሚሰውርበት ስፍራ አለው። «ተማሪው አቋረጠ» እና «ተማሪዋ አቋረጠች» ተለይተው ይታወቃሉ፤ «ተማሪዎቹ አቋረጡ» ሲባል ግን ልዩነቱ ይጠፋል። የትምህርት ዘገባ ደግሞ በአብዛኛው የሚጻፈው በብዙ ቁጥር ነው።

የግስ ምርጫም እንዲሁ ያሳስታል። የጾታ ምጥጥን የሚሰላው የሴቶችን የተሳትፎ መጠን ለወንዶች በማካፈል ነው፤ ከ0.97 እስከ 1.03 ያለው እንደ እኩልነት ይቆጠራል። ምጥጥኑ ከ0.80 ወደ 0.90 ሲያድግ «ተሻሻለ» ማለት ትክክል ነው። ከ1.10 ወደ 1.20 ሲያድግ ግን ክፍተቱ ሰፋ እንጂ አልተሻሻለም። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር «ተሻሻለ» የሚል ጸሐፊ፣ የወንዶቹን መቅረት በምሥራች ቃል ይሸፍነዋል።

ስለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ አቅጣጫውን መናገር ይበቃል። «በሴቶች ላይ የታየ ክፍተት»፣ «በወንዶች ላይ የታየ ክፍተት» ብሎ መለየት የአንዱን ጉዳት ለሌላው መካጃ አያደርገውም። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ሁለቱ በተለያየ የትምህርት እርከን ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉና፣ ስም ያልተሰጠው ጉዳት ከዕቅድም ከመፍትሔም ውጭ ይቀራል።