ጠርሙሷ በማን እጅ አልፋ መጣች?

ሱረት የሚስብ ሰው ለዱቄቱ መያዣ ዕቃ ያስፈልገዋል። ቻይናውያን ለዚህች ትንሽ ጉዳይ የሠሯት ጠርሙስ ግን ዛሬ የዓለም ሰብሳቢዎች ይሽቀዳደሙባታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንዷ ከ25 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አውጥታለች። ይህ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ የተረዳ ሰው፣ ከአገራችን ወጥቶ ስለቀረው ቅርስም አጥርቶ ማሰብ ይችላል።

ሱረት ቻይና የገባው ከአውሮፓውያን ጋር ነው። እነሱ በትናንሽ ሣጥን ይይዙት ነበር። በቻይና እርጥብ አየር ግን ዱቄቱ ስለሚጓጉል፣ አፏ የጠበበና በቡሽ የምትደፈን ጠርሙስ ተመረጠች። ቁመቷ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ክዳኗ ሲነቀል ሱረት የሚጨለፍባት ቀጭን ማንኪያ አብራ ትወጣለች። ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ እ.ኤ.አ. በ1696 በቤተ መንግሥታቸው የመስታወት ሥራ ቤት ሲያቋቁሙ፣ ሥራውን የመራው ኪሊያን ሽቱምፍ የተባለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሶቹ ከመስታወት፣ ከሸክላ፣ ከከበረ ድንጋይና ከዝሆን ጥርስ ተሠርተዋል።

ሰብሳቢው መጀመሪያ የሚመረምረው የእጅ ሥራውን ነው። ድንጋዩ የሚቦረቦረው በጠባቧ አፍ በኩል ስለሆነ፣ ግድግዳዋ የሳሳ ጠርሙስ የባለሙያውን ትዕግሥት ይመሰክራል። ከውስጥ የተሣለችውን ደግሞ ሠዓሊው ጫፉ የታጠፈ ብሩሽ በአፏ አስገብቶ፣ ሥዕሉን ገልብጦ እያሰበ ሠርቷታል። ከሥሯ የተጻፈው የንጉሥ ስም ግን ብቻውን ዕድሜዋን አያረጋግጥም፤ የኋላ ዘመን ባለሙያዎችም የቀደሙትን ነገሥታት ስም ይጽፉ ነበርና። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢ ዕቃዋን ካየ በኋላ ባለቤቶቿን ይጠይቃል፦ ማን ሸጣት? ከዚያስ በፊት ከማን እጅ ነበረች?

ይህ ጥያቄ ቻይናን ከደቡብ ጎንደር ጋር ያገናኛል። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ አጠገብ የነበረውን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ፤ እንግሊዞችም አቃጠሉት። ከአቃጣዮቹ መካከል ወጣቱ መኮንን ቻርልስ ጎርደን ነበር፤ ኋላም «ቻይናዊው ጎርደን» ተብሎ ታወቀ። ይኸው ሰው በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ በመምጣት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተነጋግሯል። በሱረት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አቋም ከቻይና ነገሥታት ፍጹም የተለየ ነበር፤ ትንባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የዘመኑ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። አንዱ አገር ጌጥ ያበጀለት ልማድ በሌላው ቅጣት ያመጣ ነበር።

ከቤጂንግ ዘረፋ ሰባት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ተራው የመቅደላ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዱት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት መቅደላ ላይ ተከማችተው ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራውን የሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር እያስጎተቱ የሄዱትም ወደዚያው ነው። መቅደላን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን ደላንታ ሜዳ ላይ በሁለት ቀን ጨረታ ሸጠው። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ ዋናው ነበር።

ሆልምስ ግን አንድ ዕቃ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ አስቀረ፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል። ሥዕሉ የአውሮፓዊ እጅ ሥራ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። የጎንደር ነገሥታት ግን ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይዘምቱ ስለነበር ኢትዮጵያዊ ታሪክ ተሸክሟል። ክብሩን የሰጠው የተሣለበት አገር ሳይሆን ያከበሩት ሰዎች ናቸው። ዛሬም ከአገር ውጭ በግል እጅ ይገኛል።

እንግዲህ መሰብሰብ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ቅርስ ከጥፋት የተረፈው ጠንቃቃ ሰብሳቢ ስለያዘው ነው። ልዩነቱ ያለው ዕቃው ከባለቤቱ በፈቃድ ወጥቷል ወይስ በጉልበት በሚለው ላይ ነው። ሰብሳቢዎች ለአንዲት የሱረት ጠርሙስ የባለቤቶቿን ተራ በጽሑፍ የሚይዙላት ከሆነ፣ የእኛ ቤት የቀንድ ዋንጫ፣ የብራና መጽሐፍና የአንገት መስቀል ከዚያ ያነሰ አይገባቸውም። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ተከልክሏል። ሆኖም ያልተመዘገበን ዕቃ «የእኔ ነው» ብሎ ማስመለስ ከባድ ነው። ደብረ ታቦርም ሆነ በዙሪያዋ ገጠር የአያቱን ዕቃ የያዘ ሰው ፎቶግራፍ ያንሣው፣ ቁመቱን ይለካ፣ ከማን እንደወረሰው ይጻፍ። ታሪኩን የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ይጠየቁ።