የማደንዘዣ መድኃኒት ሣጥን፡ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ መዝገብ

የደስታ በሽታ የአርሶ አደሩን በረት ባዶ ያስቀርበት የነበረው ዘመን ታሪክ ሆኗል። በሽታው በ2003 ዓ.ም ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ከድሉ ጀርባ ክትባት ነበር፤ ከክትባቱ ጀርባ ደግሞ ላብራቶሪና ክትባቱ የተሞከረባቸው እንስሳት ነበሩ።

እነዚህ እንስሳት በምርምር ወቅት ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው እንዳይሠቃዩ ማደንዘዣ፣ ማረጋጊያና የሕመም ማስታገሻ ይሰጣቸዋል። ኬታሚን፣ ዲያዜፓምና ሞርፊን ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ፔንቶባርቢታል ደግሞ ሊድን የማይችል እንስሳ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ለማድረግ ያገለግላል። ችግሩ እነዚሁ መድኃኒቶች በሰው ላይ ሱስ የማስያዝ፣ አለፍ ሲልም የመግደል አቅም ያላቸው መሆኑ ነው። በመሆኑም ሞርፊን በ1961፣ ፔንቶባርቢታልና ዲያዜፓም በ1971 እ.ኤ.አ በወጡት የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ኬታሚንን ብዙ አገሮች በራሳቸው ሕግ ይቆጣጠሩታል። በአገራችንም የእንስሳት መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 728/2004 መሠረት ይመራል።

ቁጥጥሩ ከንብረት ክፍል በኋላ

በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 የወጣ መድኃኒት ለንብረት ክፍሉ ሥራው ያለቀ ሊመስል ይችላል። ለላብራቶሪው ግን ዋናው ቁጥጥር የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። መድኃኒቱ ከሌሎች ተለይቶ፣ ከግድግዳ ጋር በታሰረ የብረት ሣጥን ይቆለፋል። የተሻለው አሠራር ሁለት ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከፍቶ እንዳይወስድ።

መዝገቡም የብልቃጥ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ሚሊ ሊትርን ይይዛል። ለምሳሌ 10 ሚሊ ሊትር ከያዘ የኬታሚን ብልቃጥ ለአንድ በግ 3 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ ቀኑ፣ የበጉ መለያ ቁጥርና ክብደት፣ የወሰደው ባለሙያና የምስክሩ ፊርማ፣ እንዲሁም ቀሪው 7 ሚሊ ሊትር ይጻፋል። በማግስቱ ሲለካ 5 ሚሊ ሊትር ከተገኘ 2ቱ የት እንደገባ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው። የበጉ ክብደት በዓይን ከተገመተ ግን መጠኑም መዝገቡም ስለሚሳሳት ሌብነትን ከስህተት መለየት ያዳግታል። ሚዛን የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ቁጥጥሩ ሥራ የሚያቆም መሆን የለበትም። ቁልፍ ያዡ ለሥልጠና ሲሄድ ተተኪ ካልተወከለ ሣጥኑ ተቆልፎ ይቀራል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም በሕመም ውስጥ ያለው እንስሳ ነው። ውክልናው አስቀድሞ በጽሑፍ መሰጠት ይኖርበታል።

የበድኑ አደጋ

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ የበድን አወጋገድ ነው። ፔንቶባርቢታል የተወጋ እንስሳ ሥጋ ቢቀቀልም መድኃኒቱ አይጠፋም። በሜዳ ከተጣለ ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሣ በልተውት ይሞታሉ። ጥንብ አንሣ ሲያልቅ ደግሞ የወደቀ ከብት ሳይጸዳ ይከርማል። ስለዚህ በድኑ ይቃጠላል፤ ካልሆነም ከውኃ ምንጭ ርቆ፣ አውሬ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበራል። የምርምር በግ “ሥጋው ደህና ነው” ተብሎ ለዘበኛም ሆነ ለጎረቤት አይሰጥም።

ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

በወረዳ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን አነስተኛ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። የወረዳ ኃላፊዎች ለሣጥን፣ ለሚዛንና ለመዝገብ በጀት መያዝ፣ በየወሩ ቁልፍ ያዥ ባልሆነ ሰው ቆጠራ ማስደረግ፣ ጊዜው ያለፈበትንም ከመዝገብ ሳይወጣ በኮሚቴ እንዲወገድ ማድረግ ይገባቸዋል። ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ወንዝ መድፋት ማስወገድ አይደለም።

አርሶ አደሩም በበኩሉ ባለሙያው የተጠቀመበትን ብልቃጥና መርፌ ይዞ እንዲመለስ መጠየቅ፣ ማደንዘዣ በገበያ ሲሸጥ ካየ ለጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ይኖርበታል። ከሣጥኑ የጎደለው ጥቂት ሚሊ ሊትር የሚያርፈው በአንድ ወጣት ክንድ ላይ ሊሆን ይችላልና።