የኮምፒዩተር ስክሪን አልነቃ ሲል ማድረግ የሚገባን
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ንግግር ላይ ላዩን ሲያዩት ከአነስተኛ ነገር የሚቈጠር ነው። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ዘወትር የሚደርስ፣ የሥራ ሰዓት የሚያባክን፣ አልፎ አልፎም የግማሽ ቀን ድካም ከንቱ የሚያስቀር ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ መመርመሩ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል። ይኸውም ሳይነካ በመቈየቱ ያንቀላፋ የኮምፒዩተር ስክሪን ሲቀሰቅሱት አልነቃ የሚልበት ጉዳይ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጧት የባለጉዳይ ማመልከቻ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ መጻፍ ጀመረ እንበል። ሦስት ገጽ ያህል ከጻፈ በኋላ የምሳ ሰዓት ይደርስና ጽሑፉን ሴቭ ሳያደርግ ይወጣል። ከቀኑ በ7 ሰዓት ተኩል ሲመለስ ስክሪኑ ጠቍሮ ያገኘዋል። ማውሱን ቢያንቀሳቅስ አይበራም፤ የኪቦርዱን ቁልፎች ቢመታ አይበራም። ባለጉዳዩ በደጅ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ የሠራተኛው ትዕግሥት ያልቅና የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ተጭኖ እስኪጠፋ ድረስ ይይዘዋል። መልሶ ሲያበራው ስክሪኑ ቦግ ይላል፤ ሦስቱ ገጽ ግን የሉም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው ነው፤ ይህኛው ግን ያፈሰሰውን እንኳ ለመልቀም አልቻለም።

ይህ ሰው የተጐዳው በስንፍና አይደለም። የጨለመው ዕቃ የትኛው እንደ ሆነ ሳይለይ ፍርድ በመስጠቱ ነው። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ ሁሉ በዚህም ነገር አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው ምስክሮች አሉ።

በጠረጴዛችን ላይ ያለው መሣሪያ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው። አንደኛው በየቢሮው ሲፒዩ እያልን የምንጠራው ሣጥን ነው፤ ሥራውን የሚሠራውና ጽሑፋችንን የሚይዘው እርሱ ነው። ሁለተኛው ስክሪኑ ነው። የስክሪኑ ተግባር ሣጥኑ በገመድ የላከለትን ሥዕል ማሳየት ብቻ ሲሆን ከጽሑፋችን አንዲት ፊደል እንኳ በውስጡ አያኖርም። ሁለቱም የየራሳቸው የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የየራሳቸው ማብሪያ፣ የየራሳቸውም እንቅልፍ አላቸው። ስለዚህ ስክሪኑ ጨለመ ማለት ሣጥኑ ጠፋ ማለት አይደለም።

ስክሪን እንዲያንቀላፋ የተደረገው ኤሌክትሪክ ለመቈጠብ ነው። የቀድሞዎቹ ባለ ትልቅ ጀርባ ስክሪኖች ሰው ኖረም አልኖረ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጁ ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኤነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት ሲያቋቁም በመጀመሪያ የተሰጠው ለኮምፒዩተሮችና ለስክሪኖች ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ቪሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ኮምፒዩተር ስክሪኑን የሚያስተኛበትን አንድ ወጥ ደንብ አወጣ። በዚያ ደንብ መሠረት ኮምፒዩተሩ በገመዱ የሚልከውን የሥዕል ምት ሲያቋርጥ ስክሪኑ ይተኛል፤ ምቱ ሲመለስ ይነቃል። የዛሬዎቹ ገመዶች ከዚያን ጊዜው ቢለዩም ዋናው አሳብ አልተለወጠም። የተኛ ስክሪን መብራቱን አጥፍቶ የበሩን መንኳኳት እንደሚያዳምጥ ዘበኛ ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ስክሪኖች በዚህ ጊዜ የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ከግማሽ ዋት አይበልጥም። አልነቃ ማለት እንግዲህ ወይ በሩን የሚያንኳኳ የለም፤ ወይ መንገዱ ተዘግቷል፤ ወይም ዘበኛው ራሱ ፈዟል ማለት ነው።

ሣጥኑም በበኩሉ ይተኛል። ሲተኛ የጀመርነው ሥራ ራም በሚባለው ማኅደር ውስጥ ይቈያል። ይህ ማኅደር ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በተቋረጠ ጊዜ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መፍትሔ ስንፈልግ ከማይጐዳው ጀምረን የሚጐዳውን ወደ መጨረሻው ማድረግ ይገባናል። ቅደም ተከተሉም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት እንመልከት። ፈጽማ ካልበራች ለስክሪኑ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ ሶኬቱንና ማከፋፈያውን መመርመር ነው። ብርቱካንማ ከሆነች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች በአብዛኛው ስክሪኑ ተኝቶ ምልክት እየጠበቀ ነው። ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆና ከጸናች ነቅቷል፤ የሚያሳየው ሥዕል ግን አላገኘም ወይም ማሳየት አቅቶታል። ቀለሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ስክሪናችን ደኅና በነበረበት ጊዜ ምን ቀለም እንደሚያሳይ አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው።

ሁለተኛ፤ ሣጥኑን እንጠይቅ። በኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ የተባለውን ቁልፍ ደጋግመን ስንጫን መብራቷ ብትበራና ብትጠፋ ሣጥኑ ነቅቶ ይሠራል ማለት ነው። ይህ የምሥራች ነው፤ ጽሑፋችን አለ። እንግዲህ የሣጥኑን ማብሪያ መንካት አይገባም። ኮምፒዩተሩ በይለፍ ቃል ካልተቈለፈና ጽሑፉም አስቀድሞ ስም ተሰጥቶት ከነበረ በጨለማው እንዳለን ኮንትሮልና ኤስ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ብንጫን ሴቭ ሊሆንልን ይችላል። መብራቷ መልስ ካልሰጠች ግን ሣጥኑ ራሱ ተኝቶ ይሆናል። ያን ጊዜ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጎ መልቀቅና እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ መታገሥ ነው። በአጭሩ መንካትና ተጭኖ መያዝ እጅግ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ኤሌክትሪኩን በግድ ይቈርጣል። ነቅቶ የሚሠራ ሣጥን ሲሆን በአጭሩ መንካቱ እንኳ ሊያስተኛው ወይም ሊዘጋው ስለሚችል አስቀድሞ በካፕስ ሎክ መጠየቅ ያስፈልጋል። የካፕስ ሎክ መብራት የሌላቸው ኪቦርዶችም ስላሉ በእነርሱ ጊዜ የሣጥኑን መብራትና የነፋስ ማራገቢያውን ድምፅ ማስተዋል ነው።

ሦስተኛ፤ ስክሪኑ የሚያዳምጠው በየትኛው በር እንደ ሆነ እንይ። አብዛኞቹ ስክሪኖች ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርት፣ ቪጂኤ የሚባሉ ሁለት ወይም ሦስት የገመድ መግቢያዎች አሏቸው። ገመዱ በአንዱ ገብቶ ስክሪኑ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ተመልሶ ይተኛል። በስክሪኑ ቁልፎች «ኢንፑት» ወይም «ሶርስ» የሚለውን መርጦ ገመዱ ያለበትን መግቢያ ማሳየት ይበቃል።

አራተኛ፤ የሥዕሉን ገመድ በሁለቱም ጫፍ እንመርምር። ቢሮ ሲጠረግ ወይም ጠረጴዛ ሲገፋ ገመዱ በትንሹ ተነቅሎ በዓይን ግን የተሰካ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። ነቅሎ በደንብ መልሶ መሰካት ነው። የቪጂኤ ገመድ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ የዲስፕሌይፖርት ገመድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቈለፊያ ስላለው መቈለፊያውን ሳይጫኑ መጐተት መግቢያውን ሊሰብር ይችላል።

አምስተኛ፤ የፈዘዘውን ዘበኛ እናንቃው። ስክሪንም በውስጡ ትንሽ አእምሮ አለው፤ ይህም አእምሮ አንዳንድ ጊዜ፣ ይልቁንም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ተይዞ ይቀራል። መድኃኒቱ የስክሪኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል ቈይቶ መልሶ መሰካት ነው። የስክሪኑን እንጂ የሣጥኑን አለመንቀላችንን ደግመን እናረጋግጥ። ሥራችን ያለው በሣጥኑ ውስጥ ስለ ሆነ ስክሪኑን መንቀል አንዲት ፊደል አያጠፋብንም።

ስድስተኛ፤ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለበት ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን በአንድነት እንጫን። ይህ ትእዛዝ ሥዕል የሚያዘጋጀውን የፕሮግራም ክፍል ብቻ እንደገና ያስነሣል፤ የተከፈቱትን ጽሑፎች አይዘጋም። በተለይ በዲስፕሌይፖርት የተያያዘ ስክሪን በጥልቅ ሲተኛ ኮምፒዩተሩ ስክሪኑ ጭራሹን የተነቀለ መስሎት ሥዕል መላኩን ሊተው ስለሚችል እንዲህ ያለው ማንቂያ ይጠቅማል።

ሰባተኛ፤ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት በስክሪኑ ፊት ላይ በጎን እናብራበት። በጨለማው ውስጥ ጽሑፋችን በደብዛዛው ከታየ ሥዕሉ አለ፤ የተበላሸው ከበስተ ኋላ የሚያበራው መብራት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። የስክሪኑን ጀርባ ራሳችን መፍታት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ተከማችቶ ሊቈይ ይችላል።

ስምንተኛ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ከባልደረባ ደኅና ስክሪን ለጥቂት ደቂቃ ተውሰን ከነቃው ሣጥናችን ጋር እናያይዘው። ሥዕል ካሳየ ወዲያው ጽሑፋችንን ሴቭ እናድርግ፤ የተበላሸውም ስክሪናችን እንደ ሆነ ተረጋገጠ። የተዋስነውም ካላሳየ ጥፋቱ በገመዱ ወይም በሣጥኑ ነው። ስክሪን ተበላሽቷል ብሎ ለንብረት ክፍል ቅጽ መሙላት የሚገባው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው። በተሳሳተ መግቢያ ምክንያት ብቻ የጨለመ ስክሪን ተመላሽ ሆኖ በግምጃ ቤት አቧራ ቢጠጣ፣ በምትኩም አዲስ ቢገዛ የሚወጣው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ማብሪያውን ተጭኖ መያዝ የመጨረሻው መንገድ ነው። ይህ ግድ ቢሆንብንና ጽሑፉ ቢጠፋ እንኳ ወዲያው ተስፋ አንቍረጥ። ዎርድ የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ካልተለወጠ በቀር በየ10 ደቂቃው የመጠባበቂያ ቅጂ ስለሚያስቀምጥ እንደገና ሲከፈት ያዳነውን ሊያቀርብልን ይችላል። ዳሩ ግን ይህ እንደ ዕድል የሚቈጠር እንጂ እንደ ልማድ የሚታመኑበት አይደለም።

ባለሙያ በምንጠራበትም ጊዜ «ኮምፒዩተሩ እንቢ አለ» ብሎ መተው አይጠቅመውም። የስክሪኑ መብራት ቀለም ምን እንደ ነበረ፣ ካፕስ ሎክ መልስ ሰጥቶ እንደ ሆነ፣ ስክሪኑ ጽሑፍ አሳይቶ እንደ ሆነ፣ ችግሩም ከመቼ ጀምሮ እንደ ታየ በአራት መስመር ብንጽፍለት የአንድ ሰዓት ምርመራ እናሳጥርለታለን። ችግሩ የሚደጋገም ከሆነም የስክሪኑን ጥልቅ እንቅልፍ ከስክሪኑ ማውጫ እንዲያጠፋ፣ የሥዕሉን ፕሮግራም እንዲያድስ፣ በሥራ ሰዓትም ሣጥኑ ሳይተኛ ስክሪኑ ብቻ እንዲጨልም እንዲያስተካክል ልንጠይቀው እንችላለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የአንድ ሴኮንድ ሥራ ነው። ከወንበር ከመነሣት በፊት ኮንትሮልና ኤስን መጫን ነው። ዩፒኤስ በሌለው ጠረጴዛ ላይ የተኛ ኮምፒዩተር መብራት ድንገት ቢጠፋ በማኅደሩ የያዘውን ሁሉ እንደሚያጣ አይተናል። ሴቭ የተደረገ ጽሑፍ ግን ስክሪን ቢጨልም፣ መብራት ቢጠፋ በቦታው ይገኛል።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ሠራተኛ እንመለስ። ማብሪያውን ተጭኖ ከመያዙ በፊት የስክሪኑን መብራት ቢመለከት፣ ካፕስ ሎክን ቢጫን፣ የስክሪኑንም ገመድ ለአንድ ደቂቃ ነቅሎ ቢሰካ ኖሮ ምናልባት ሦስቱን ገጽ እንዳሉ ባገኛቸው ነበር። በእነዚያ ገጾች ላይ የነበረው ፊደል ብቻ አልነበረም፤ በደጅ የቆመው ሰው የሚጠብቀው ውሳኔ ነበር። ለመሣሪያው የምንሰጠው የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ለባለጉዳዩ «ነገ ተመለስ» ከማለት ያድነናል።

በዚሁ የዛሬውን ንግግራችንን እንፈጽማለን።